አርባ አንድ ትንፋሽ

መርሳ፣ መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ገነት፣

ባሕሩን ተሻግሮ የሚደርስ ሰላምታ ከእኔ ከስመኝና ከእናቴ ከአለሚቱ ይድረስዎ። የግሸኗ እመቤት በሰው አገር ከክፉ ዓይን ትሰውርዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ደህና ነን» ብዬ የጻፍኩት ግን እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለነበር ነው። አሁን ወደ ጓሮ ወጥታለችና እውነቱን ልጻፍ።

እናቴ ደህና አይደለችም። በሰኔ ኮሮና ይዟት ነበር። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት፤ ትንፋሿ ግን አልተመለሰም። ከቤታችን እስከ ቧንቧው ሦስት ጊዜ ትቆማለች። ወጥ ስታማስል እንኳ ያልባታል። ወልድያ ወስጃት ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ «ሳንባዋ ንጹሕ ነው። በሽታው ሄዷል፣ ድካሙ ነው የቀረው። ጊዜ ይፈልጋል» አለን። ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልከፈት አለኝ። ሰው ፊት አሁንም እንደ ልጅነቴ ነኝ።

ከሁሉ የሚከፋኝ የሙሾዋ ነገር ነው። ከውርጌሳ እስከ ሐራ፣ አለሚቱ ያላወረደችበት ልቅሶ አይወጣም ሲባል እርስዎም ያውቃሉ። አሁን አንድ ግጥም አትጨርስም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሿ ይቆረጣል። ለሰው «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች።

እርስዎ እዚያ የሚያስታምሟቸው አሮጊት በዚሁ በሽታ ታመው በመተንፈስ ልምምድ እየተሻላቸው እንደሆነ የአጎቴ ልጅ ስዩም ነገረኝ። እባክዎ እንዴት እንደሚደረግ ይጻፉልኝ። ቢደውሉ ይቀል ነበር፤ ግን እናቴ ከታመመች ወዲህ የእርስዎን ስልክ ማንሣት ትታለች። «ድምፄን ሰምታ ትደነግጣለች» ነው የምትለው። እንደነገርኩዎ አይንገሩብኝ። እዚህ ኢንተርኔት ስለሌለ ደብዳቤውን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ለስዩም እልከዋለሁ፤ እሱ ፎቶ አንሥቶ ያደርስልዎታል።

ልጅዎ ስመኝ

*

ቦሎኛ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኝ፣

ስሄድ ቀሚሴ ሥር ተደብቀሽ የነበርሽውን ልጅ ደብዳቤ ለመጻፍ ያበቃ አምላክ ይመስገን። ዕድሜሽ ይርዘም፤ እታለምንም ምሕረቱ አይለያት። እህቴ ታማ ከአራት ወር በኋላ መስማቴን ግን አልወደድኩትም። ስዩምን አግኝቼ ጆሮውን ብይዘው!

አሁን ስሚኝ። የማስታምማት ሴትዮ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከተሽከርካሪ ወንበሯ አትወርድም። ማክሰኞ ማክሰኞ የትንፋሽ አስተማሪ ትመጣለች። መጀመሪያ እኔም ስቄ ነበር፤ ትንፋሽም ይማሩታል ወይ ብዬ። ይማሩታል።

እናትሽን ጀርባዋን ትራስ አስደግፈሽ አስቀምጫት። አንድ እጇን ደረቷ ላይ፣ አንዱን ሆዷ ላይ ታድርግ። በአፍንጫዋ ሁለት እስኪቆጠር ታስገባ፤ ሆዷ ላይ ያለው እጅ ይነሣ፣ የደረቷ አይነሣ። ከዚያ ከንፈሯን አሞጥሙጣ፣ ትኩስ ቅንጬ እንደምታበርድ፣ አራት እስኪቆጠር ቀስ ብላ ታውጣው። አሥር ጊዜ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ቢበዛ ቢበዛ በአንድ ጊዜ ሃያ። ካዞራት ወዲያው ታቁም። እየተለማመደች አታወራም፤ አንዲት ቃል እንኳ። አንቺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ቁጠሪላት።

አስተማሪዋ «ያድናል» አትልም፤ «ያግዛል» ነው የምትለው። አንቺም ለእታለም እንደዚያው ብለሽ ንገሪያት።

ስለ ስልኩ አትጨነቂ። እኔም እዚህ ለመደወል አይመቸኝም፤ ሴትዮዋ የስልክ ወሬ አትወድም። መጻፉ ይሻላል።

አክስትሽ ገነት

*

መርሳ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እትዬ ገነት፣

እንደ ጽጌ ወር አበባ ያማረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአሥራ ስድስት ቀኑ ነው። ባይደርስ ይሻል ነበር ልል ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሁሉንም እንዳሉት አነበብኩላት። ትራሱን አደረግኩ፤ እጆቿን አስቀመጥኩ። «አሥር ጊዜ ነው» አልኳት።

«አሥር?» አለች። «አሥር ምን የሚሉት ቁጥር ነው? እግዚኦታ እንኳ አርባ አንድ ነው።»

«እትዬ ገነት ቢበዛ ሃያ ብለዋል።»

«ገኒ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቁጥሩን ረስታው ነው።»

እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ መቁጠሪያዋን ከግድግዳው አወረደች። የሚቆጥር ሰው አርባ አንድ ሳይሞላ ቢያቆም ጸሎቱ ተቋረጠ ማለት ነው ብላ፣ እያዞራትም ቀጠለች። ቅንጬ እንደ ማብረድ ሳይሆን እሳት እንደ ማቀጣጠል ነበር የምትተነፍሰው። ስመለስ መሬት ላይ ናት። መቁጠሪያው እጇ ላይ ተጠምጥሟል። ጮህኩ። ጎረቤታችን እትዬ አሚና «ቢስሚላህ!» እያሉ ሮጠው መጥተው ውሃ ረጩባት። ዓይኗን ስትከፍት መጀመሪያ ያለችው ምን መሰለዎ? «ሠላሳ ስምንት ደርሼ ነበር።»

አሁን ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣ። አለሚቱ ወደቀች ተባለና መርሳ በሙሉ ሊጠይቅ ይጎርፋል። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ፣ ያ ነገር እንዴት አደረገሽ፣ እህል ውሃውስ ይወርድልሻል፣ ልጅሽስ? አንዲት ጠያቂ ገብታ እስክትቀመጥ ድረስ እናቴ አሥራ አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ቆጥሬያለሁ። ሲሄዱ ደግሞ ተነሥታ እስከ አጥሩ ትሸኛለች። ተመልሳ ሳትቀመጥ ሌላዋ ትገባለች። ልምምዱ የት ይገባል? ያለቻትን ትንፋሽ ሁሉ በሰላምታ ትጨርሰዋለች። «አትሸኚ» ስላት «የሰው ልጅ አይደለሁም?» ትለኛለች።

እባክዎ ምን ላድርግ?

ስመኝ

*

ቦሎኛ፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ስመኝ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለእናትሽ ሰላምታ የለኝም። አርባ አንድ! እግዚኦታ እኮ ትንፋሽ ያለው ሰው የሚያደርሰው ነው! ልጅ ሆና ውሃ ሂጂ ሲሏት ሁለት እንስራ ይዛ ልሂድ የምትለው እሷው ናት። ሁለቱም ይሰበሩ ነበር።

መቁጠሪያውን ደብቂ። በሩን ዝጊ። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝታለች» በይ። ሐሰት ከሆነብሽ እውነቱን በይ፦ «ሐኪም ከልክሏል» በይ። ምን ያሳፍርሻል? አፍረሽ እናትሽን ልትገድያት ነው?

ደግሞም ይህን ልብ በይ። ይህ በሽታ የሚጥልሽ ደህና የሆንሽ በመሰለሽ ቀን ነው። ዛሬስ በረታሁ ብለሽ ትነሺያለሽ፤ ደረጃው ሦስተኛው እርከን ላይ ዓይንሽ ነጭ ይሆናል። ግድግዳውን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ጎረቤት ሲያልፍ ቦርሳሽ ውስጥ ቁልፍ እንደምትፈልጊ ትመስያለሽ። ስለዚህ እታለም ትንሽ ሲሻላት አትልቀቂያት። አሥር ጊዜ፣ ዕረፍት፣ አሥር ጊዜ። በቃ።

ገነት

(ስዩም ነኝ፣ ልልክልሽ ሳትመው አነበብኩት። በሩን ዝጊ ያሉት ትክክል ነው። ጆሮዬን ስለመያዝ የተባለውን ግን አልተቀበልኩም።)

*

መርሳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ገነት፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ይድረስዎ። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ እስኪጨርሱ ድረስ ይወቁት።

በር መዝጋቱን አልቻልኩም። ሰው ፊት ቆሜ «አይገባም» ማለት አልሆንልሽ አለኝ። ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ «እባካችሁ አትግቡ፣ እናቴ እየተነፈሰች ነው» ብዬ በትልቁ ጽፌ አጥሩ ላይ ሰቀልኩ። ከሴቶቹ ማንበብ የሚችል ስላልነበረ አንዱን ተማሪ አስነበቡት።

«ዋ! እስከ ዛሬ አትተነፍስም ነበር እንዴ?» አለች አንዷ።

«ልታልፍ ነው እንጂ እንዲህ ተብሎ ይለጠፋል?» አለች ሌላዋ።

ሰባት ሴቶች ባንድ ጊዜ ገቡ። ሁለቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

እትዬ አሚና ሰምተው መጡና ካርቶኑን አወረዱት። «አንቺ ልጅ፣ ሰው በወረቀት አይመለስም፤ ሰው የሚመለሰው በሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ ዱካቸውን አምጥተው በራችን ላይ ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ «አለሚቱ በሐኪም ትእዛዝ ዝም ብላለች። ሰላምታችሁን ለእኔ ስጡኝ፤ ሳላጎድል አደርሳለሁ» ይሉታል። እውነትም ይቀበላሉ። «እንዴት ናት?» ሲሏቸው «አልሐምዱሊላህ»፤ «እህልስ ይወርድላታል?» ሲሏቸው «አልሐምዱሊላህ»። ጠያቂዎቹም ግዴታቸውን ተወጥተው፣ መርቀው ይሄዳሉ። የተቀየመ የለም። እትዬ አሚና እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኛሉ።

ውስጥ ደግሞ እኔ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ እናቴ «አይሰማም» ብላ ዓይኗን ታፈጣለች፤ እኔም እየጮህኩ ሄድኩ። በሁለት ሳምንት እስከ ቧንቧው አንድ ጊዜ ብቻ ቆማ ደረሰች። ይህን ልጽፍልዎ ወረቀት ገዝቼ ነበር።

በነጋታው የአባቴ ወዳጅ የግራናው አባ ይታገሱ አረፉ ተባለ።

«አትሄጂም» አልኳት። በሕይወቴ እናቴን እንዲያ ብያት አላውቅም።

«አባትሽ ሲሞት ይታገሱ ሦስት ቀን ከፍራሻችን አልተነሣም» አለች። «ዛሬ እኔ ትራስ ተደግፌ ቅንጬ ላብርድለት?»

በባጃጅ አብሬያት ሄድኩ። «ቆመሽ አልቅሰሽ ትመለሻለሽ፤ አታወርጂም» ብያት ምላልኛለች። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። ክቡ ተከፈተላት። ገባች።

«ጠዋት አይቼው ነበር በሬውን ሲነዳ፣» አለች። ድምፅዋ የድሮው ነበር። እኔም እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ «ማታ ምን ብዬ…» ብላ ጀመረችና ድምፅዋ ቆመ። ትንፋሿ አለቀ። እናቴ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፤ ቀስ ብላ አወጣችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልምምዷን ነበር የምትሠራው፣ እትዬ! እኔ ከኋላ ሆኜ በልቤ እቆጥርላታለሁ። ሰዉ ግን ኀዘን አፏን የዘጋው መሰለው። ያኔ የተለቀሰው ልቅሶ ሌላ ነው። ሽማግሌዎች እንኳ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ግጥሙን ሳትጨርሰው ቀረ። «እንደ ዛሬ ወርዶ አያውቅም» እያሉ ደግፈው ባጃጅ ላይ አወጧት።

እሷም መንገድ ላይ «አየሽ?» አለችኝ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አልተነሣችም። ቧንቧው ይቅርና እስከ በሩም አልደረሰችም። የሁለት ሳምንት ልፋቴ በአንድ ስንኝ ሄደ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት አጠገቧ ተቀምጬ ደብዳቤዎችዎን ደግሜ ደግሜ አነበብኩ። መጀመሪያ ሴትዮዋ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው አይወርዱም ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ደብዳቤዎ ግን ደረጃው ሦስተኛው እርከን ላይ ዓይን ነጭ ይሆናል ብለዋል። ሴትዮዋ ደረጃውን መቼ ወጡት? ቁልፉንስ ከማን ቦርሳ ውስጥ ነው የሚፈልጉት?

ስመኝ

*

ቦሎኛ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ስመኝ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ሴትዮዋ ታማ አታውቅም። ትንፋሿ ከእኔ ይበልጣል፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮህብኝ አይደክማትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ አስተማሪዋ የምሄደው እኔ ነኝ። ከእታለም በፊት፣ ባለፈው ዓመት የካቲት ነው የያዘኝ። የሴትዮዋ ልጅ ደረጃ መውጣት እንደሚያቅተኝ ብታውቅ ሌላ ሰው ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ቁልፍ እፈልጋለሁ።

የማልደውለውም ለዚሁ ነው። «እንደምን አለሽ እታለም» ብዬ ሳልጨርስ ማለክለክ እጀምራለሁ። እሷ ደግሞ ልቅሶ ስትሰማ የኖረች ናት፤ ከአንድ ቃል ታውቀኛለች። ለአንቺ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ እያልኩ የምጽፈውን እኔም ሁልጊዜ አልሠራውም። ብቻዬን ሆኜ ስቆጥር አምስት ላይ ይሰለቸኛል።

በግሸኗ ይዤሻለሁ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

ገነት

*

መርሳ፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ገነት፣

እንደ ነገርኳት ያውቃሉ። ባልነግራት ኖሮ የዛሬ ሳምንት ስልክዎ ላይ የእትዬ አሚና ሚስኮል ባልመጣ ነበር። ይቅርታ አልጠይቅም። አንዷ ድምፄን እንዳትሰማ ብላ ስልክ አታነሣም፤ አንዷ ድምፄን እንዳትሰማ ብላ አትደውልም። መካከል ላይ እኔ አለሁ፤ መንገድ ሲከፈት እየጠበቅኩ፣ በአውቶቡስ ትንፋሽ አመላልሳለሁ። እኔ እኮ ለሻይ ቤት ሰው እንኳ ሂሳብ ስንት ነው ለማለት የሚጨንቀኝ ልጅ ነኝ። ሁለታችሁም አደከማችሁኝ።

በስልኩ ያላዩትን ግን ልጻፍልዎ።

ደብዳቤዎን ሙሉውን አነበብኩላት፤ «እንዳትነግሪያት» የሚለውንም ጭምር። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልክ ልቅሶ ልትሄድ ስትል እንደምታደርገው። ከዚያ «የአሚናን ስልክ አምጪ» አለች። እርስዎ መልሰው ሲደውሉ ስፒከሩን ከፍቼ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ «እንደም…» ስትሉ ሰማሁ። ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ቆማችሁ። እናቴ በእጇ አፏን ይዛ ነበር። የእርስዎን ማለክለክ ስትሰማ እጇ ወረደ።

ያኔ ነው እኔ «ሰላምታ የለም!» ብዬ የጮህኩት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። እትዬ አሚና በር ላይ ሆነው «ሱብሃነላህ!» ሲሉ ሰምተው ይሆናል፤ ጠያቂ ያባረርኩ መስሏቸው ነው። «እጅ ሆድ ላይ» አልኩ። «በአፍንጫ፤ አንድ፣ ሁለት።» ስታወጡት በስልኩም በቤቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ነበር፤ እህትማማቾች መሆናችሁ ቃል ሳትናገሩ ይታወቃል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እንባዋ ጆሮዋ ድረስ ይወርድ ነበር፤ ከንፈሯን ግን አላበላሸችም። አሥር ሞላን፤ አረፍን፤ አሥር ደገምን።

ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትልዎ «ካንቺ በፊት» ያሏትንና እሷም «ውሸታም» ያለችዎን እርስዎም ሰምተዋል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያለችውን ግን አልሰሙም።

መቁጠሪያዋን አምጪ አለችኝ። አልሰጥም አልኳት። «ሞኝ፣ ሃያ ብቻ ነው የምቆጥር» አለች። ከደበቅኩበት አውጥቼ ሰጠኋት። በጣቷ ሃያውን ለየች፤ ቀሪዋን ወደ ስልኩ ገፋ አደረገች።

«ሃያው የኔ፣ ሃያ አንዱ የሷ» አለች። «አርባ አንድ ሞላ። የዋሸ አንድ ይጨምራል።»

ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሃያ አንድ ሆኖብዎታል፤ ሌላ ምሕረት የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላስተጓጎለችም፤ «ገኒ ስትሞላ እኔ ላጉድል?» እያለች ትቀመጣለች። እርስዎም አምስት ላይ እንዳያቆሙ፤ ቢያቆሙ የእናቴ አርባ አንድ ይፈርሳል።

ቅዳሜ በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይደውሉ። እንደምን አለሽ የለም፣ እንዴት ከረማችሁ የለም፤ እሱን እትዬ አሚና በር ላይ ሆነው ለሁላችንም ይሉልናል። ስልኩ ሲነሣ እኔ «አንድ» ብዬ እጀምራለሁ።

ስመኝ